አደይ አበባ ከቴምር ካርቶን

በጅዳና በመካ መካከል ባለው አሮጌ መንገድ ላይ የምትገኘው ባሕራ፣ ሐጃጆች በግመል በሚጓዙበት ዘመን የሚያርፉባት ሰፈር ነበረች። ዛሬ ዙሪያዋን መጋዘንና ፋብሪካ በዝቶባታል፤ መጋዘን ባለበት ደግሞ ካርቶን አይጠፋም። ቤት ውስጥም ያው ነው። ቴምሩ በካርቶን ይመጣል፤ ሽቶውና ዑዱ ወርቅማ ቀለም ባለው ጠንካራ ሣጥን ይመጣል፤ የኢድ ቸኮላት እያንዳንዱ ፍሬ በሚያብረቀርቅ ወረቀት ተጠቅልሎ ይቀርባል። የሠርግ መጥሪያው ሳይቀር ለመጣል የሚያሳሳ ወፍራም ወረቀት ነው። ይህ ሁሉ በማግስቱ ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ይገባል።

ከዚሁ ቁርጥራጭ ለአገር ቤት ዘመድ፣ ለጓደኛ ወይም ለጎረቤት የሚሆን የእንኳን አደረሳችሁ ካርድ መሥራት ይቻላል። ብዙ ጊዜ ግን ሥራው እንደ ልጆች መጫወቻ ስለሚታይ በችኮላ ይሠራል። ካርዱ ይጣመማል፣ እጥፋቱ ይሰነጠቃል፣ አበባው ይላቀቃል፤ ያየውም ሰው ድሮስ ከተጣለ ወረቀት ምን ይጠበቃል ብሎ ያልፈዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። የሽቶው ሣጥን ወረቀት በሱቅ ከሚሸጠው ካርድ የሚበልጥ እንጂ የሚያንስ አይደለም። ካርዱን የሚያበላሸው አስተጣጠፉና አለጣጠፉ ነው።

ሥራው ለእኛ እንግዳ አይደለም። የእንቁጣጣሽ ማለዳ ሴቶቹ ልጆች አበባየሆሽ ሲሉ ወንዶቹ በውኃ ቀለም የሣሉትን መልአክ፣ ፀሐይ ወይም አደይ አበባ ይዘው በየጎረቤቱ ይዞራሉ። የቤቱ ባለቤት ሥዕሉን ተቀብሎ ሳንቲም ይሰጣል፣ ይመርቃል። አሁን አሁን በፎቶ ኮፒ የተባዛ ሥዕል ቀለም ቀብቶ መዞር ተለምዷል፤ ቢሆንም በእጁ የሣለ ልጅ ሥዕል ዛሬም ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። በአውሮፓ የታተመው የበዓል ካርድ የመጣው በሌላ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1843 ለንደን ውስጥ ሄንሪ ኮል የተባለ ሰው ለወዳጆቹ ሁሉ ደብዳቤ መጻፊያ ጊዜ ስላጣ፣ ሠዓሊው ጆን ሆርስሊ አንድ ሥዕል እንዲሠራለት አደረገና 1,000 ያህል አሳተመ። የሚበልጥብኝ ግን እ.ኤ.አ. የ1949ኙ የዩኒሴፍ ታሪክ ነው። ጂትካ ሳምኮቫ የምትባል የ7 ዓመት ልጅ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለተደረገው እርዳታ ምስጋናዋን ለመግለጽ በቼኮዝሎቫኪያ መንደሯ ውስጥ ሥዕል ሣለች። ወረቀት ስላልነበራት የሣለችው መስታወት ላይ ነበር፤ ያ ሥዕል የዩኒሴፍ የመጀመሪያው ካርድ ሆነ።

ወደ ሥራው ስንገባ፣ በሳዑዲ ለምንኖር ሰዎች ከሁሉ የሚቀድም ጉዳይ አለ። ዓረብኛ ጽሑፍ ያለበትን ወረቀት መቀስ ከማንሣታችሁ በፊት አስነብቡት። በየቀኑ የሚገነጠለው የኡሙል ቁራ ካላንደር፣ ጋዜጣው፣ የመጥሪያ ካርዱ የአላህ ስም ወይም የቁርአን አንቀጽ ሊኖርበት ይችላል። እንዲህ ያለ ወረቀት አይቆረጥም፣ ከቆሻሻ ጋርም አይጣልም፤ ለብቻው የሚሰበሰብበት ሣጥን በብዙ ቦታ አለ። ማንበብ የሚችል ሰው ከሌለ ጽሑፍ የሌለበትን ወረቀት ብቻ መርጦ መሥራት ይሻላል።

የሱቅ ደረሰኝም አይሆንም። ደረሰኝ የሚታተመው በቀለም ሳይሆን በሙቀት ነው፤ ወረቀቱ የተቀባው ኬሚካል ሙቀት ሲነካው ይጠቁራል፣ ሲቆይ ደግሞ ጽሑፉ ይደበዝዛል። በዚህ አገር የበጋ ቀትር መኪና ውስጥ የተረሳ ደረሰኝ ምን እንደሚመስል ያየ ሰው ይህን ያውቃል። ጋዜጣ ደግሞ ከእንጨቱ ያልወጣለት ሊግኒን የሚባል ነገር ስላለው ብርሃን ሲያገኘው ቢጫ ይሆናል። ለዓመታት እንዲቀመጥ የምትፈልጉት ካርድ ላይ አታግቡት።

ለካርዱ አካል የሚሆነው ቀጭን ካርቶን ነው፤ የሻይ፣ የሽቶ፣ የብስኩት ሣጥን። የፎቶ ኮፒ ወረቀት በካሬ ሜትር 80 ግራም ይመዝናል፤ ራሱን ችሎ የሚቆም ካርድ ግን ከ200 እስከ 300 ግራም ያስፈልገዋል። ከኤ4 የማያንስ፣ ማለትም 210 በ297 ሚሊ ሜትር የሆነ ቁራጭ ካገኛችሁ እኩል ለሁለት ክፈሉትና እያንዳንዱን እጠፉት፤ 105 በ148 ሚሊ ሜትር የሆኑ ሁለት ካርዶች ይወጡታል። የታተመበትን ገጽ ወደ ውስጥ አድርጋችሁ በነጭ ወረቀት ሸፍኑት፤ ግራጫው ጀርባ በውጭ በኩል ይቀራል። ለእኔ ያ ግራጫ ከነጭ ይልቅ ደማቅ ቀለም ያወጣል።

አሁን ብዙዎች ወደሚሳሳቱበት እንምጣ። ወረቀት በፋብሪካ ሲሠራ ጭቃ መሰሉ የክርና የውኃ ድብልቅ በሚሮጥ ወንፊት ላይ ስለሚፈስ፣ ጥቃቅኖቹ ክሮች በአብዛኛው ማሽኑ በሚሄድበት አቅጣጫ ይተኛሉ። ካርቶኑን በሁለቱም በኩል በቀስታ ጎበጥ አድርጉት፤ በቀላሉ የሚጎብጥበት መስመር ክሮቹ የተኙበት ነው። እጥፋቱ ያን መስመር ከተከተለ ጥርት ብሎ ይታጠፋል። ክሮቹን ካቋረጠ ግን ይሰነጠቃል፣ ይበጣጠሳል፤ ብርቱ እጅም አያድነውም። ከመታጠፉ በፊት ማስመሪያ አስደግፋችሁ ቀለም ባለቀበት እስክርቢቶ መስመሩን ጫን ብላችሁ ሂዱበት፤ ከዚያ አጥፋችሁ በማንኪያ ጀርባ ዳምጡት።

መጣመምም የሚመጣው ከዚሁ ነው። ክር ውኃ ሲጠጣ የሚያብጠው ወደ ጎኑ ነው፤ ስለዚህ ኮላ የነካው ወረቀት በአንድ በኩል ይሰፋና ይጠቀለላል። የሁለቱን ወረቀቶች ክር አንድ አቅጣጫ አስይዙ፣ ኮላውን አሳስታችሁ ከመሐል ወደ ዳር ቀቡ፣ በንጹሕ ወረቀት ሸፍናችሁ ከባድ መጽሐፍ ጫኑበትና አሳድሩት። ጅዳ ባሕሩ ዳር ስለሆነች አየሯ እርጥበት አለው፤ እዚያ መድረቁ ይዘገያል። ኤሲ ባለበት ክፍል ደግሞ ኮላው ገና ሳይለጠፍ ይደርቃልና ትንሽ ትንሽ እየቀቡ መሥራት ነው።

ኮላ ከሌለ አንድ ማንኪያ የስንዴ ዱቄት በአምስት ማንኪያ ቀዝቃዛ ውኃ ጓጉል ሳይኖረው በጥብጡና በቀስታ እሳት እያማሰላችሁ እስኪወፍር አብስሉት። ከቀዘቀዘ በኋላ ወረቀትን ከወረቀት ደህና አድርጎ ይይዛል፤ ፍሪጅ ውስጥ ጥቂት ቀን ይቆያል። የሚያብረቀርቅ ወረቀት ላይ ግን አይሠራም። እዚያ ነጭ የእንጨት ኮላ ይሻላል፤ ለስላሳውን ገጽ አስቀድሞ በብርጭቆ ወረቀት ሻከር ማድረግም ይረዳል።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው ሥዕሉ ነው፤ እኔ የምወደውም ይህን ክፍል ነው። የነጠላ ጥለት ለቁርጥራጭ ወረቀት የተፈጠረ ይመስለኛል። ከስጦታ ወረቀት ሦስት ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው ረጃጅም ቅዳጆች አውጡ፤ አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ወርቃማ። ጥቂቶቹን ጎን ለጎን ደርድራችሁ ጫፋቸውን ለጥፉና ሌሎቹን አንዱን ከላይ አንዱን ከታች እያሳለፋችሁ ሸምኑበት። ሲያልቅ ዳር ዳሩን ከርክማችሁ በካርዱ ታችኛው ጠርዝ ላይ ለጥፉት። ለእናት የሚላክ ካርድ ከሆነ ሌላ ጌጥ አያስፈልገውም። አደይ አበባን ከቢጫ ወረቀት ስምንት ቅጠል ቆርጣችሁ፣ መሐሏን ከቸኮላቱ ወርቃማ ወረቀት አድርጉላት። ቅጠሎቹን ከሥራቸው ብቻ ካጣበቃችሁ ጫፋቸው ቀና ብሎ ይቆማል። ጎጆ ቤት ለመሥራት የፈለገ የትልቁን ካርቶን አንዱን ፊት በእርጥብ ስፖንጅ አርሶ ይላጠው፤ ከሥሩ የሚወጣው የተሸበሸበ ወረቀት ሲደርቅ የሣር ክዳን ይሆነዋል። ተራራ የሚያሻው መቀሱን አስቀምጦ ወረቀቱን በእጁ ይቅደደው፤ የተቀደደው ጠርዝ የሚያሳየው ነጭ ክር ጉም ይመስላል። ጃፓኖች ቺጊሪ-ኤ የሚሉት ሙሉ የሥዕል ጥበብ በዚህ በመቅደድ ላይ የቆመ ነው። ለኢድ ካርድ የሐረር ሰፌድ ክብ ንድፎች ከጨረቃና ከኮከብ ይልቅ የራሳችን ናቸው፤ እነሱን መሞከር ጥሩ ነው። አንዱን መርጣችሁ ሌላውን ተዉት። ጥለትም ጎጆም አበባም በአንድ ካርድ ላይ ሲገቡ አንዱም አይታይም።

መልእክቱን በሚያንሸራትት ገጽ ላይ አትጻፉ፤ ቀለሙ ይጨማለቃል። ከደብተር ላይ ነጭ ቁራጭ ለጥፋችሁ በተራ እስክርቢቶ ጻፉ። እንኳን ከዘመን ዘመን አሸጋገራችሁ ከሚለው ቀጥሎ ለዚያ ሰው ብቻ የሚሆን ወሬ ይኑርበት። ለእማዬ ከሆነ ምን እንደምትበሉና ማን ጋር በዓል እንደምታሳልፉ፤ ለጋሼ ከሆነ ስለ ሥራችሁ። በስልክ የሚላከው የታተመ አበባ ለሃምሳ ሰው በአንድ ጊዜ ይሄዳል፤ ይህኛው ግን ስም አለው፣ የእጅ ጽሑፍም አለው፣ ማንበብ የማይችሉ እናት ቢሆኑ እንኳ የልጃቸው እጅ የነካውን ይዘው ያስነብቡታል።

ፖስታውን ዓረብኛ ጽሑፍ ከሌለበት አሮጌ ካላንደር ላይ፣ ስፋቱን 114 በ162 ሚሊ ሜትር አድርጋችሁ ብትሠሩት ካርዱ ሳይጨናነቅ ይገባል። በዓለም አቀፉ ፖስታ ደንብ ደብዳቤ ከ90 በ140 ሚሊ ሜትር ማነስ የለበትምና ከዚህ ያነሰ ካርድ በትልቅ ፖስታ ይላክ። በኢትዮጵያ ደብዳቤ በአብዛኛው የሚደርሰው በፖስታ ሣጥን ስለሆነ፣ ተቀባዩ ሣጥን ከሌለው የዘመድ ወይም የመሥሪያ ቤት ሣጥን ቁጥር አስቀድማችሁ ጠይቁ። የብዙዎቻችን ፖስተኛ ግን ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ነው። ለእሱ ስትሰጡ ካርዱን በሁለት ጠንካራ ካርቶን መካከል አድርጋችሁ በላስቲክ ጠቅልሉት፤ ጎላ ብሎ የተለጠፈ አበባ ሻንጣ ውስጥ ይደፈጠጣልና ጠፍጣፋውን ሥራ ለመንገደኛ፣ ቀና ያለውን በእጅ ለምትሰጡት ጎረቤት አስቀሩ። ለመስከረም 1 እንዲደርስ ከሆነ ሥራው ነሐሴ ሳይጋመስ ማለቅ አለበት።