ዋጋው ሲወጣ ልብ ይቸኩላል
ያገለገለ ፈጣን አውቶሞቢል የሚገዛው መቼ ነው?

ጤፍ በክረምት ይወደዳል፤ መኸሩ ሲገባ ዋጋው ይወርዳል። ይህንን ለማወቅ ነጋዴ መሆን አያስፈልግም፤ ቤት የሚያስተዳድር ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የአውቶሞቢል ዋጋ ግን ሌላ ጠባይ አለው። በአሜሪካና በአውሮፓ አዲስ መኪና ከመሸጫው ግቢ በወጣበት ቀን ዋጋው መውረድ ይጀምራል፤ እንደ ለበሱት ልብስም ከዓመት ወደ ዓመት እየረከሰ ይሄዳል። በአገራችን ያገለገለ መኪና ዋጋውን ይዞ፣ አንዳንዴም ጨምሮ ሲሸጥ ስለምናይ ነገሩ እንግዳ ሊመስለን ይችላል፤ በዚያ ግን ደንቡ ይኸው ነው።

ይሁን እንጂ በዚያም አገር ከዚህ ደንብ የሚያፈነግጡ ጥቂት መኪናዎች አሉ። እነዚህም ለዕለት ጉዳይ ሳይሆን ለፍጥነትና ለመንዳት ደስታ ተብለው የተሠሩት ናቸው። ዋጋቸው እንደ ሌሎቹ ሁሉ ለዐሥርና ለዐሥራ አምስት ዓመት ያህል ይወርድና ከአንድ ቦታ ሲደርስ ይቆማል፤ ከዚያም መልሶ ሽቅብ ይወጣል። እንግዲህ እንዲህ ያለውን መኪና የሚመኝ ሰው ጥያቄው አንድ ነው፤ ዛሬ ልግዛ ወይስ ልጠብቅ?

ይህን ጉዳይ እንድናነሣ ያደረገን በዋሽንግተን አካባቢ በሾፌርነት ሥራ የሚተዳደር አንድ ወዳጃችን ነው። ይህ ሰው በስምንት ዓመት ውስጥ 20,000 ዶላር አጠራቅሟል። ልቡ ያረፈው ከ2001 እስከ 2006 በአሜሪካ በተሸጠው ቢ ኤም ደብሊው ኤም 3 ላይ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ተለይቶ ካልተነገረ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ወዳጃችን በስልክ «ጋሼ፣ ባለፈው ዓመት ያየሁት መኪና ዘንድሮ ዋጋው ሌላ ሆኖ ጠበቀኝ። ተበድሬ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?» ሲል ጠየቀን። ባለቤቱም ከጎኑ ሆና «እኔ መኪናውን አልጠላሁትም። የምጠላው ሌሊቱን ዋጋ ሲያይ አድሮ ጠዋት ሲተክዝ ነው። ልጃችንም ከሦስት ዓመት በኋላ ኮሌጅ ትገባለች» አለችን። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ስለዚህ መልሱን በግምት ከመስጠት ይልቅ ነገሩን ከሥሩ ለመመርመር ወደድን።

ዋጋው ለምን ይወጣል?

የመጀመሪያው ምክንያት ቁጥሩ የማይጨምር መሆኑ ነው። ፋብሪካው መሥራቱን ካቆመ በኋላ በዓለም ላይ ያለው ያው የተሠራው ብቻ ነው፤ ከዚያም ላይ አንዱ ይጋጫል፣ አንዱ ይዝጋል፣ አንዱን ደግሞ ባለቤቱ ክፍሎቹን እየለዋወጠ መልኩን ያጠፋዋል። እንደ ተሠራ ሳይነካካ የቆየው እያነሰ በሄደ መጠን ፈላጊው ይበረታበታል።

ሁለተኛው የሰው ዕድሜ ነው። በዐሥራ አምስት ዓመቱ የመኪናውን ሥዕል ከመኝታ ቤቱ ግድግዳ ላይ የለጠፈ ልጅ ገንዘብ የሚይዘው አርባ ዓመት ሲሞላው ነው። በዚያን ጊዜ በልጅነቱ የተመኘውን ይፈልጋል። በ2001 የወጣውን ፈጣን መኪናዎች የሚሽቀዳደሙበትን ፊልም ያዩ ወጣቶች ዛሬ ጎልማሶች ናቸው። በዚያ ፊልም ከተነዱት መኪናዎች አንዷ ብርቱካንማዋ ቶዮታ ሱፕራ በ2021 በሐራጅ 550,000 ዶላር ማውጣቷ የዚህ ፍቅር ምስክር ነው።

ሦስተኛው ምክንያት የአሠራር መለወጥ ነው። ፖርሽ 911 የተባለው የጀርመን መኪና በ1963 በፍራንክፈርት ትርዒት ላይ ከታየ ጀምሮ እስከ 1998 ድረስ ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በውኃ ሳይሆን በነፋስ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት በውኃ የሚቀዘቅዙ ሆኑ። አዲሱ የተሻለ ኃይል ቢኖረውም የቀድሞው ድምፅና ጠባይ ተመልሶ የማይመጣ መሆኑ ሲታወቅ አሮጌዎቹ እጅግ ተወደዱ። የወዳጃችን ምኞት የሆነው ኤም 3 መኪናም እንዲሁ ነው። 3.2 ሊትር የሆነው ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተሩ በአሜሪካ 333 የፈረስ ጉልበት ሲኖረው በደቂቃ እስከ 8,000 ጊዜ ያህል ይዞራል። በ2007 የተተካው ግን በባለ ስምንት ሲሊንደር ነው። ዛሬ ደግሞ ፍሪሲዮን ረግጦ ማርሽ የሚቀየርበት መኪና እየጠፋ፣ በኤሌክትሪክ የሚሄደው እየበዛ ስለ ሆነ የድሮውን አነዳድ የሚወድ ሁሉ ወደ ኋላ ይመለከታል።

አራተኛው ሕግ ነው። በአሜሪካ በ1988 የወጣው ሕግ ለዚያ አገር የደኅንነት ደንብ ተብሎ ያልተሠራ መኪና 25 ዓመት እስኪሞላው ድረስ በመደበኛው መንገድ እንዳይገባ ይከለክላል። ለምሳሌ በ1989 መሠራት የጀመረው የጃፓኑ ኒሳን ስካይላይን ጂ ቲ አር በሩ የተከፈተለት በ2014 ነው። በ1999 የጀመረው ተከታዩም በ2024 ተራው ደረሰ። ቀኑ አስቀድሞ የታወቀ በመሆኑ ብልህ ነጋዴዎች ከዓመታት በፊት እየገዙ ያስቀምጣሉ፤ ቀኑ ሲደርስ ለመግዛት የጠበቀ ሰው ዋጋው ቀድሞት ያገኘዋል።

የወጣ ሁሉ ወጥቶ አይቀርም

ይህንን ያነበበ ሰው «እንግዲያውስ ዛሬውኑ ልግዛ» ሊል ይችላል። ነገር ግን ሣሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ እንዳይሆን ወደ ኋላ መለስ ብሎ ማየት ይገባዋል።

ኢጣሊያዊው ኤንዞ ፌራሪ በነሐሴ ወር 1988 ባረፈ ጊዜ የስሙ መኪናዎች ዋጋ እንደ እሳት ተቀጣጠለ። መንዳት የማያውቅ ሰው እንኳ ለትርፍ ሲል ይገዛ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን የጃፓን የገንዘብ ገበያ ሲናጋና በሌሎችም አገሮች ገንዘብ ሲጠብ ዋጋው ቁልቁል ወረደ። በጥሬ ገንዘቡ ገዝቶ መኪናውን የወደደ ሰው ቢያዝንም መኪናው ቀረለት፤ ተበድሮ የገዛው ግን መኪናውንም ገንዘቡንም አጣ።

በቅርቡም ከ2020 እስከ 2022 በነበረው ጊዜ ወለድ ዝቅ በማለቱና በአዲስ መኪናዎች እጥረት ምክንያት ያገለገሉት ሁሉ ተወድደው ነበር። ወለዱ ከፍ ሲል የብዙዎቹ ዋጋ ረገብ አለ። 36 ብቻ የተሠራው ፌራሪ 250 ጂ ቲ ኦ በ2018 በሐራጅ 48.4 ሚሊዮን ዶላር መሸጡ፣ በ2022 ደግሞ አንድ የ1955 መርሴዲስ 135 ሚሊዮን ዩሮ ማውጣቱ እውነት ነው። ነገር ግን ያ የባለጸጎች ጨዋታ ነው፤ ከደመወዙ ቆጥቦ ለሚገዛ ሰው መመሪያ አይሆነውም።

ሒሳቡን እንሥራ

አሁን ወደ ወዳጃችን እንመለስ። የሚፈልገው መኪና 30,000 ዶላር ነው እንበል። በእጁ 20,000 አለው፤ በዓመትም 5,000 ይቆጥባል። ዋጋው ባይጨምር በሁለት ዓመት ይደርስበታል። ዋጋው በየዓመቱ 8 ከመቶ ቢጨምርስ? በሁለተኛው ዓመት እርሱ 30,000 ሲይዝ መኪናው 34,992 ይሆናል። በሦስተኛው 35,000 ሲይዝ መኪናው 37,791 ነው። በአራተኛው 40,000 ይዞ 40,815 ይጠየቃል። የሚያገኘው በአምስተኛው ዓመት ነው፤ ያን ጊዜ 45,000 ይዞ 44,080 ይከፍላል። ሁለት ዓመት የመሰለው አምስት ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ የወዳጃችን ጭንቀት ከንቱ አይደለም።

የሒሳቡ ሌላው ገጽ ግን ብዙ ጊዜ አይነበብም። መኪናው ተገዝቶ ቢቆም ኢንሹራንስ፣ ጎማ፣ ዘይት፣ ፍሬንና ማቆሚያ ይፈልጋል። ይህ ሁሉ በዓመት 3,000 ዶላር ቢፈጅ፣ የ30,000 ዶላሩ መኪና በዓመቱ የጨመረው 8 ከመቶ 2,400 ብቻ ነው። ስለዚህ ዋጋው እየወጣ እንኳ ባለቤቱ በዓመት 600 ዶላር ይከስራል። ገንዘቡ ብድር ከሆነ ደግሞ ወለዱ ይጨመርበታል። አባቶቻችን «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው። እንግዲህ መኪናውን «ያተርፈኛል» ብሎ የሚገዛ ራሱን ያታልላል፤ «እነዳዋለሁ፣ ደስታዬም ዋጋ አለው» ብሎ የሚገዛ ግን ምን እንደ ገዛ ያውቃል።

ከዓመቱ ይልቅ መኪናው

ሰዎች ስለ ጊዜው ሲጨነቁ የሚገዙትን ዕቃ መመርመር ይረሳሉ። አንድ ዓመት በመዘግየት ከሚመጣው ጭማሪ ይልቅ አንድ መጥፎ መኪና የሚያስከትለው ወጪ ይበልጣል። እያንዳንዱ ዓይነት የታወቀ ሕመም አለው። በተነሣንበት የኤም 3 መኪና የኋላ እግሩ የሚታሰርበት የወለል ላሜራ ይሰነጠቃል፤ ይህን ለመጠገን ወለሉን ከፍቶ መበየድና ማጠንከር ያስፈልጋል። የሞተሩ የቢየላ ብሮንዚኖችም ሳይታወቅ ያልቃሉ፤ ካለቁ በኋላ ሞተሩን ይዘው ይጠፋሉ። ከ1998 ወዲህ በተሠሩት በመጀመሪያዎቹ ባለ ውኃ ፖርሽ 911 መኪናዎች ውስጥ ደግሞ በሞተሩ ሆድ ያለ አንድ ኩሽኔታ ሲሰበር መላውን ሞተር እንደሚያበላሽ የታወቀ ነው። እነዚህ መኪናዎች ከሌሎቹ 911ዎች ረክሰው የቆዩበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

ስለዚህ ገዢው የሚከተለውን ቢያደርግ ይጠቀማል። ከመግዛቱ በፊት ያንን ዓይነት መኪና ለሚያውቅ መካኒክ ከፍሎ ከሥር ያስመርምር። የጥገናውን ደረሰኝ ሁሉ ይጠይቅ፤ ደረሰኝ የሌለው መኪና ታሪክ የሌለው መኪና ነው። በፍሪሲዮን የሚነዳውን ቢያገኝ ይምረጥ፤ ዋጋው ከፍ ቢልም ሲሸጥ ፈላጊው ይበዛል። ገበያውን በብርዱ ወራት ይመልከት፤ በረዶ በሚጥልበት አገር በታኅሣሥና በጥር ፈጣን መኪና የሚገዛ ሰው ጥቂት ነውና። ከዚህ ሁሉ በላይ ከዋጋው ቢያንስ አንድ አምስተኛውን ለጥገና ሳይነካ ያስቀምጥ። 30,000 ያለው ሰው የ30,000 መኪና የለውም፤ ያለው የ25,000 መኪና ነው።

በመጨረሻም ራሱን አንድ ነገር ይጠይቅ፤ «ዋጋው ነገ በሲሶ ቢወርድ በዚህ መኪና ደስ ይለኛል ወይ? ቤቴስ ሳይናጋ ይቆያል ወይ?» ለሁለቱም «አዎን» ካለ የሚገዛበት ጊዜ ዛሬ ነው። ለአንዱ «አይደለም» ካለ ዋጋው የፈለገውን ያህል ቢወጣ ጊዜው ገና ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላልና።

ወዳጃችን መኪናውን ወደፊት ወደ አገር ቤት ይዞ የመግባት ሐሳብም ነበረው። የኢትዮጵያ መንግሥት ግን በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር የከለከለ መሆኑን አስታወስነው። ይህም ከሒሳቡ ውስጥ የሚገባ ነው፤ መኪናው ከሚኖርበት አገር ውጭ ተስፋ ሊጣልበት አይገባም።

ምክራችንንም እንዲህ ስንል ነገርነው። የልጅቱ የኮሌጅ ገንዘብ ለብቻው ይቀመጥ፤ ብድሩ ይቅር። ትዕግሥት ካጠረው የዚያኑ መኪና ታናሽ ወንድም፣ ባለ 3 ሊትሩንና 225 የፈረስ ጉልበት ያለውን 330 ሲ አይ፣ ማርሹ በእጅ የሚቀየረውን ይፈልግ። ቅርጹ ያው ነው፤ ዋጋው ግን ከዋናው እጅግ ያነሰ ስለ ሆነ ሳይበደር ሊገዛው ይችላል።

ባለፈው ሳምንት ደወለልን። ምክሩን ሙሉ በሙሉ አልተቀበለም ኖሮ አንድ ኤም 3 በረከሰ ዋጋ አግኝቶ ሊገዛ ተነሥቶ ነበር። ነገር ግን ለመካኒክ 300 ዶላር ከፍሎ ቢያስመረምረው የኋላው ወለል በሁለት በኩል ተሰንጥቆ ተገኘ። «ጋሼ፣ 300 ዶላር ከሰርሁ» አለን እየተከዘ። ከኋላው ግን የባለቤቱ ድምፅ ተሰማ፤ «ከሰርሁ አትበል! የቀረውን ቁጠረው» ትለው ነበር።