የእርዳታው ጆንያ ጓሮ ሲሆን

ድርቅ ያፈናቀለው ቤተሰብ ወደ መጠለያ ሲደርስ በቅድሚያ የሚታደለው እህል፣ ጥራጥሬና ዘይት ነው። ይህ ድርሻ ነፍስን ከሞት ያተርፋል፤ ይሁን እንጂ ቫይታሚን ሲ የሚባለው ንጥረ ነገር በውስጡ የለም ለማለት ይቻላል። ዘይቱ ቫይታሚን ኤ የተጨመረበት ቢሆን እንኳ ይህን ጉድለት አይሸፍንም። ጉድለቱ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ሲዘልቅ ስከርቪ የተባለውን በሽታ ያስከትላል፤ ድድ አብጦ ይደማል፣ መገጣጠሚያ ይታመማል፣ ሰውነት ይዝላል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ዓመታት በሶማሊያና በምሥራቅ ሱዳን መጠለያዎች በነበሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ላይ ይህ በሽታ በወረርሽኝ መልክ ታይቷል። በጊዜው በተደረገው ጥናት የተገኘው ቁም ነገር ስደተኞቹ በመጠለያ በቆዩ መጠን የሕሙማኑ ቁጥር እየጨመረ መሄዱ ነው።

በሽታውን ለመከላከል በቀን 10 ሚሊ ግራም ያህል ቫይታሚን ሲ ይበቃል። ይህም ብዙ ሳይቀቀል ከተበላ አንድ እፍኝ ለጋ ጎመን ሊገኝ የሚችል ነው። ጥያቄው እርሻ በሌለበት፣ ድንኳን ከድንኳን በተጠጋበት ስፍራ ጎመኑ ከየት ይምጣ የሚለው ነው። እህሉ የመጣበት ጆንያ ለዚህ አንድ መልስ ይሰጣል።

ዘዴው በሥራ ላይ ውሎ የታየ ነው። በታኅሣሥ 2000 ዓ.ም. በኬንያ ከተካሄደው ምርጫ በኋላ ሁከት ተነሥቶ የምግብ አቅርቦት በተስተጓጎለ ጊዜ፣ በናይሮቢ ከተማ ኪቤራ በሚባለው የተጨናነቀ ሰፈር ሶሊዳሪቴ የተባለው የፈረንሳይ የእርዳታ ድርጅት ለነዋሪዎች ችግኝ በማደል በጆንያ የሚለማ ጓሮ አትክልትን አስፋፍቷል። ነዋሪዎቹ ከተከሏቸው አትክልቶች ዋናው እነርሱ ሱኩማ ዊኪ፣ ማለትም «ሳምንት መግፊያ» የሚሉት የጎመን ዓይነት ነው። 50 ኪሎ ግራም የሚይዝ ጆንያ የሚቆምበት መሬት ግማሽ ሜትር ካሬ አይሞላም፤ ጎኑና አናቱ ሲደመሩ ግን አንድ ሜትር ካሬ ያህል መትከያ ይሰጣሉ።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው፦

ሀ) ሦስት እጅ አፈር ከአንድ እጅ በስብሶ ከደረቀ ፍግ ጋር ይደባለቃል። ከመጸዳጃ ወይም ከጋራዥ አጠገብ የተወሰደ አፈር አይሆንም።

ለ) ግራና ቀኙ የተከፈተ የዘይት ጣሳ በጆንያው መካከል ቆሞ በጠጠር ይሞላል፤ ዙሪያው ደግሞ በአፈር ይሞላል። ከዚያ ጣሳው ወደ ላይ እየተሳበ፣ ጠጠርና አፈር እየተጨመረ ጆንያው እስከ አናቱ ይደርሳል። በመካከል የሚቀረው የጠጠር ዓምድ ውሃው ላይ ላዩን ሳይቀር እስከ ታች እንዲዳረስ ያደርጋል።

ሐ) አፈሩ በውሃ ርሶ ካረፈ በኋላ የጆንያው ጎን እየተበሳ የጎመን ወይም የቆስጣ ችግኝ ይተከላል፤ አናቱ ላይ ሽንኩርት ወይም ቃሪያ ይተከላል።

መ) ጆንያው ፀሐይ በሚያገኝበት፣ ፍየል በማይደርስበት ደጃፍ ይቆማል። ፀሐይ ጆንያውን ስለምታሳሳው ሲያረጅ መተካት ያስፈልጋል።

ጆንያ በማይገኝበት ስፍራ የተቀደደ ጄሪካን ወይም አሮጌ ባልዲ፣ ሥሩ ተበስቶ፣ ይኸንኑ አገልግሎት ይሰጣል። የፀረ ተባይ መድኃኒት ወይም ቀለም የነበረበት ዕቃ ግን በምንም ምክንያት ለዚህ አይውልም።

በድርቅ አካባቢ ዋናው ጉዳይ ውሃ ነው። አንድ ጆንያ እንደ ሙቀቱ በቀን ከ5 እስከ 10 ሊትር ይፈልጋል። ስፊር በሚባለው ዓለም አቀፍ የሰብዓዊ እርዳታ መመዘኛ መሠረት ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውሃ ስለሚመደብ፣ አምስት ሰው ያለበት ቤተሰብ 75 ሊትር ያገኛል። ከዚህ ውስጥ የእጅና የዕቃ እጣቢው ብቻ ለጆንያው ይበቃል። ሳሙና የበዛበት እጣቢ አፈሩን በጨው ስለሚጎዳ በሳምንት አንድ ጊዜ በንጹሕ ውሃ ማጠጣት ይገባል። የሕፃናት ጨርቅ የታጠበበት ውሃ ፈጽሞ አይጨመርም። የውሃው እደላ ከመመዘኛው እጅግ ያነሰ ከሆነ ደግሞ አትክልቱ መቆየት አለበት፤ ቅድሚያው የሚጠጣው ነው።

ሌላው ሊታሰብበት የሚገባው የተፈናቃዩ የአመጋገብ ልማድ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ በቦረናና በሶማሌ ክልል ከብቱ ያለቀበት አርብቶ አደር ወደ መጠለያ ለመግባት ተገዷል። ይህ ሕዝብ ከከብቱ ጋር ያጣው ወተቱንም ጭምር ነው። ቅጠል መብላት ላልለመደ ቤተሰብ ችግኝ ሰጥቶ መሄድ ውጤት አያስገኝም። ከእናቶች ጋር ተቀምጦ ቅጠሉን ማብሰል፣ ከእህሉ ጋር አዋሕዶ መቅመስ፣ ለምን እንደሚጠቅምም መነጋገር ያስፈልጋል።

ከሁሉ በላይ ሊሰመርበት የሚገባው ግን የጊዜው ጉዳይ ነው። የጎመን ዘር ችግኝ ለመሆን ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ይፈጅበታል፤ ከተተከለ በኋላ የታችኛው ቅጠል ለመቀንጠብ የሚደርሰው ደግሞ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ቆይቶ ነው። ድምሩ ሁለት ወር ከሞላ ማለት ስከርቪ ሊታይ በሚጀምርበት ወራት ውስጥ ገብተናል ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ እንደሚደረገው «መጀመሪያ ሰፈራው ይረጋጋ» ተብሎ ሥራው ለሁለት ወር ቢዘገይ ቅጠሉ የሚደርሰው በሽታው ከገባ በኋላ ይሆናል። ስለዚህ የጋራ ችግኝ ጣቢያው መደብ መዘርጋት ያለበት መጠለያው በተከፈተበት ሳምንት ነው። ዝግጁ ችግኝ ከቅርብ አካባቢ ማምጣት ከተቻለ አንድ ወር ያህል ይተርፋል።

ጆንያው ኩንታሉን አይተካም፤ ቫይታሚን የያዘ የእርዳታ ምግብ ማቅረብ የሚገባውንም ወገን ከኃላፊነቱ ነፃ አያወጣም። ሆኖም ከሚታደለው ሁሉ ተፈናቃዩ በገዛ እጁ አብቅሎ የሚበላው ይኸው ብቻ ሊሆን ይችላል። አንድ ሁለት የጎመን እግር ሳይቀነጠብ አብቦ ዘር እንዲይዝ ቢተው፣ ቤተሰቡ ወደ ቀዬው ሲመለስ ወይም በአዲስ ስፍራ ሲቋቋም ጆንያውን ትቶ ዘሩን ይዞ ሊሄድ ይችላል።