ሊኑክስና ድራይቨሮቹ

ድራይቨር ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን ከኮምፒውተሩ አካላት ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም ነው። ፕሪንተሩም፣ የዋይፋይ ካርዱም፣ የስክሪን ካርዱም አምራቹ የወሰነላቸው የየራሳቸው ትእዛዝ አላቸው፤ ያን ትእዛዝ የሚያውቀው ድራይቨሩ ነው። ለዊንዶውስ ድራይቨሩን ብዙ ጊዜ የሚያዘጋጀው ዕቃውን የሠራው ኩባንያ ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሊኑክስ ግን በሌላ መንገድ ይሄዳል፤ አብዛኞቹ ድራይቨሮች ከከርነሉ፣ ማለትም ከሲስተሙ እምብርት፣ ጋር አብረው ይቀመጣሉ፤ አብረውም ይታደሳሉ።

ከርነሉ ካርዶችን የሚለየው በቁጥር ነው። ማዘርቦርዱ ላይ የተሰካ ካርድ ሁሉ የአምራቹንና የሞዴሉን መለያ ይይዛል፤ ለምሳሌ የኢንቴል መለያ 8086፣ የኤኤምዲ ስክሪን ካርዶች ደግሞ 1002 ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሣ ከርነሉ እነዚህን ቁጥሮች አንብቦ ተስማሚውን ድራይቨር በራሱ ይጭናል። ስለዚህ ደብረ ብርሃን ወይም አንኮበር ውስጥ አንድ ያገለገለ ዴስክቶፕ ላይ ሊኑክስ የሚጭን ሰው አብዛኛውን ጊዜ የድራይቨር ሲዲ ፍለጋ አይወጣም። እንዲያውም ቆየት ያለ ማሽን ይመረጣል፤ ድራይቨሩ ተጽፎ፣ ስሕተቱም ለዓመታት ተለቅሟል። ገና ከፋብሪካ የወጣ ካርድ ግን ድራይቨሩ ከርነሉ ውስጥ ገብቶ ተጠቃሚው እጅ እስኪደርስ ወራት ሊፈጅ ይችላል።

ችግር የሚመጣው አምራቹ የካርዱን አሠራር ሲደብቅ ነው። የብሮድኮም ዋይፋይ ካርዶች ለዚህ የታወቁ ነበሩ። ፈቃደኛ ፕሮግራመሮች የኩባንያውን ድራይቨር አሠራር በትዕግሥት መርምረው የራሳቸውን ጻፉ፤ ኩባንያው ለአዳዲስ ካርዶቹ ክፍት ድራይቨር ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ኤንቪዲያም ለስክሪን ካርዶቹ የከርነል ድራይቨሩን ኮድ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው።

ድራይቨሩ ክፍት ቢሆንም ፈርምዌሩ፣ ማለትም ካርዱ ውስጥ ራሱ የሚሠራው ፕሮግራም፣ ዝግ ሊሆን ይችላል። ኢትዮጵያ ውስጥ በሺዎች ለሚቆጠሩ ተማሪዎች የታደለው፣ በሊኑክስ የሚሠራው ኤክስኦ ላፕቶፕ ጥሩ ማስረጃ ነው። የማርቬል ዋይፋይ ቺፑ ዋናው ፕሮሰሰር ተኝቶ ሳለ እንኳ የጎረቤት ላፕቶፖችን መልእክት እንዲያስተላልፍ ታስቦ የተመረጠ ነበር። ድራይቨሩ ለሁሉ ክፍት ሆኖ ሳለ ፈርምዌሩ ግን ዝግ በመሆኑ የነጻ ሶፍትዌር ደጋፊዎችን አከራክሯል። ክርክሩ መርህ ብቻ አልነበረም፤ ዝግ ፈርምዌር ላይ የሚገኝ ስሕተት አምራቹ ካላረመው በቀር ሌላ የሚያርመው የለም። ደቢያን የተባለው የሊኑክስ ስርጭት ለረጅም ጊዜ ዝግ ፈርምዌርን ከመጫኛው አስወጥቶ ኖሯል፤ በዚህ የተነሣ ብዙ ዋይፋይ ካርዶች በመጫኛ ሰዓት አይሠሩም ነበር። አባላቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ድምፅ ሰጥተው በ2023 የወጣው ደቢያን 12 ፈርምዌሩን ይዞ መጣ። ኢንተርኔት እንደ ልብ በማይገኝበት አካባቢ ይህ ውሳኔ ትልቅ እፎይታ ነው።

ፕሪንተር ለብቻው መታየት አለበት። ኤችፒ ሌዘርጄት 1020 ፈርምዌሩን በቋሚነት አያስቀምጥም፤ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ኮምፒውተሩ እንደገና ሊልክለት ይገባል። በሊኑክስ ይህን የሚያደርገው ኤችፒሊፕ የተባለው የኤችፒ ፕሮግራም ነው፤ ተጨማሪ ፋይሉ ግን አንድ ጊዜ ከኢንተርኔት መውረድ አለበት። አዳዲስ የኔትወርክ ፕሪንተሮች በአንጻሩ አንድ የጋራ ደንብ ስለሚከተሉ ብዙዎቹ የተለየ ድራይቨር ሳይጠይቁ ያትማሉ።

ከመጫን በፊት መሞከር ይቻላል፤ ይገባልም። ኡቡንቱም ሆነ ሚንት የተባለው የሊኑክስ ስርጭት ፍላሽ ላይ ተጽፎ ዲስኩ ሳይነካ ይነሣል፤ ድምፁ፣ ዋይፋዩ፣ ስክሪኑና ፕሪንተሩ በዚያው ይፈተሻሉ። አንድ ካርድ ካልሠራ ኤልኤስፒሲአይ የተባለው ትእዛዝ (lspci -nn) መለያ ቁጥሩን ያሳያል፤ መፍትሔ የሚፈለገው ካርቶኑ ላይ በተጻፈው ስም ሳይሆን በዚህ ቁጥር ነው፤ አንድ የንግድ ስም በውስጡ የተለያዩ ቺፖች ሊይዝ ይችላልና። ዋይፋዩ እምቢ ካለና ድራይቨሩን ለማውረድ ኢንተርኔት ካስፈለገ፣ የአንድሮይድ ስልክ በዩኤስቢ ገመድ ተሰክቶ የሞባይል ዳታውን ለኮምፒውተሩ ያጋራል። ለዚህ የሚያስፈልገው ድራይቨር ከከርነሉ ጋር አብሮ የሚመጣ ነው።