ምስጋና በክፍል ውስጥ ያለው ኀይል

መምህር የልጆችን ጠባይ የሚያቀናው በቁጣ ነው ወይስ በምስጋና? ይህ ጥያቄ ነገ መምህራን የምንሆነውን ሁሉ የሚመለከት ስለ ሆነ፥ በሥነ ልቡና ሊቃውንት ዘንድ «ማጠንከሪያ» የሚባለው ነገር ምን እንደ ሆነና በክፍል ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ በአጭሩ ለመግለጽ እንሞክራለን።

ማጠንከሪያ ማለት አንድን ሥራ ተከትሎ መጥቶ ያ ሥራ ወደ ፊት እንዲደጋገም የሚያደርግ ውጤት ነው። አሜሪካዊው ኤድዋርድ ቶርንዳይክ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1898 ድመቶችን በሣጥን ዘግቶ ባደረገው ምርመራ፥ እንስሳው መልካም ውጤት ያገኘበትን ሥራ እንደሚደጋግም አሳየ። ቢ. ኤፍ. ስኪነርም በ1938 ባወጣው መጽሐፍ ነገሩን አስፋፋው። ይሁን እንጂ ማጠንከሪያ ጉቦ አይደለም፤ ጉቦ የሚያውከውን ልጅ ዝም ለማሰኘት የሚሰጥ ሲሆን፥ ማጠንከሪያ የሚመጣው መልካም ሥራ ከተሠራ በኋላ ነው።

ለልጅ ዋጋ የሚሆነው ከረሜላና እርሳስ ብቻ አይደለም፤ የመምህሩ ዓይን ራሱ ዋጋ ነው። ስለዚህ ቁጣም ሳይታወቅ ማጠንከሪያ ሊሆን ይችላል። በ1968 በአሜሪካ በአንድ የአንደኛ ክፍል በተደረገ ጥናት፥ መምህራኑ «ተቀመጡ» የሚለውን ትእዛዝ ባበዙ ጊዜ ከወንበራቸው የሚነሡት ልጆች በዙ፤ ተቀምጠው የሚሠሩትን ማመስገን በጀመሩ ጊዜ ግን መነሣቱ ቀነሰ።

ከዚህም ይልቅ የሚያሳስበው ችላ የተባለው ልጅ ነገር ነው። ኤልሳቤጥ ሀርሎክ በ1925 ባሳተመችው ጥናት የአራተኛና የስድስተኛ ክፍል ልጆችን በቡድን ከፍላ መደመር አሠራች። አንዱ ቡድን በጓደኞቹ ፊት ተመሰገነ፤ ሁለተኛው ተወቀሰ፤ ሦስተኛው ምንም ሳይባል ሌሎቹ ሲመሰገኑና ሲወቀሱ ብቻ ሰማ። የተመሰገኑት ከሁሉ በለጡ፤ የተወቀሱት መጀመሪያ ቢበረቱም ኋላ ደከሙ፤ ችላ የተባሉት ግን ከሁለቱም አነሱ።

በአገራችን ብዙ ልጆች በአንድ ክፍል ስለሚማሩ ይህ ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም። የሚያውከው ልጅ በቁጣ፥ አንደኛ የሚወጣውም በጭብጨባ የመምህሩን ዓይን ያገኛሉ፤ በመካከል ዝም ብሎ የተቀመጠው ግን ስሙ ሳይጠራ ይውላል፥ ይከርማልም።

እንግዲህ መምህሩ ምን ያድርግ? አንደኛ፥ ምስጋናው ሳይዘገይ ሥራውን ለይቶ ይጥራ። «ጎበዝ» ማለት ብቻውን ልጁን አያስተምረውም፤ «ጎበዝ፥ ሒሳቡን ደግመህ አይተህ ስሕተቱን ራስህ አገኘኸው» ቢለው ግን ነገ የሚደግመውን ያውቃል። ሁለተኛ፥ ልጁን ከክፍሉ አንደኛ ጋር ሳይሆን ከራሱ ትናንት ጋር ያመዛዝነው። ሦስተኛ፥ ልጁ በፍቅር ለሚሠራው ሥራ አስቀድሞ ሽልማት ተስፋ አይስጠው። በ1973 በታተመ ጥናት፥ መሳል የሚወዱ ሕፃናት ሽልማት ተስፋ ተሰጥቷቸው ከሳሉ በኋላ፥ በነጻ ጊዜያቸው የመሳል ፍላጎታቸው ቀንሶ ተገኝቷል፤ ሳይጠብቁት የተሸለሙት ግን ፍላጎታቸው አልቀነሰም።

ይህን ስንል ጥፋት ሁሉ ዝም ይባል ማለታችን አይደለም፤ ልጅ ጓደኛውን ሲመታ ወዲያው መከልከል ይገባል። ነገር ግን መምህሩ በየሳምንቱ መጨረሻ በስም መጥሪያው ላይ ያመሰገናቸውን ልጆች ምልክት ቢያደርግ፥ ዓይኑ ያለፋቸውን በቀላሉ ያገኛቸዋል። ሰኞ ጠዋት ከእነርሱ ይጀምር።