ቡድሃ በግዕዝ መጽሐፍ

ቡድሂዝም ከወልቂጤና ከቡታጅራ እጅግ የራቀ የእስያ ነገር ይመስላችሁ ይሆናል። የመሥራቹ ታሪክ ግን አገራችን ከገባ ቆይቷል። ከየመን መጥተው ክርስትናን የተቀበሉት የደብረ ሊባኖሱ አባ እንባቆም በ1553 እ.ኤ.አ. «በራላም ወይዋስፍ»ን ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ መለሱ። በዚህ መጽሐፍ አንድ የሕንድ ልዑል ከመከራ ተከልሎ በቤተ መንግሥት ያድጋል፤ በሽተኛና ሽማግሌ ባየ ጊዜ ግን ልቡ ይታወካል። ይህ የሲድሃርታ ጎታማ ታሪክ ነው! «ይዋስፍ» የሚለው ስም እንኳ የመጣው «ቦዲሳትቫ» ከሚለው ነው።

ጎታማ ስቃይ ከምኞት ይመነጫል፣ ምኞቱን ያጠፋ ሰው ኒርቫና ይደርሳል ብሎ አስተማረ። ትምህርቱም ከንጉሥ አሾካ ዘመን ወዲህ ስሪላንካ፣ ኋላም ቻይናና ጃፓን ደረሰ። መከራውን በትክክል አይቷል፤ ሰው በራሱ ጥረት ይድናል ማለቱ ግን ከወንጌል ይለየዋል። የግዕዙ ይዋስፍ ከመነኩሴው በራላም ስለ ክርስቶስ ሰምቶ ይጠመቃል። ክርስቲያኖችን ያሳድድ የነበረው ንጉሡ አባቱም በመጨረሻ ያምናል።