«ኑብ» ተብሎ መባረር፦ ተረትና እውነታ

የእህቴ ልጅ አምስት ለአምስት የሚጫወቱበትን ጌም ስልኩ ላይ በጫነበት ማታ «ኑብ፣ ውጣ» የሚል ቻት ሲዘንብበት አመሸ፤ ኑብ ማለት ምንም የማያውቅ ጀማሪ ማለት ነው። በማግስቱ ጌሙን አጠፋው። «ጎበዞቹ አዲስ ሰው አይወዱም» አለኝ። ይህን ከብዙ ልጆች ሰምቻለሁ፤ ስለ ኦንላይን ጨዋታ ከሚወራው ሁሉ ይበልጥ ያሳዝነኛል፣ ስህተትም ነው።

ተረት፦ ጀማሪን የሚያዋርዱት ጎበዞቹ ናቸው።

እውነታ፦ እ.ኤ.አ. በ2015 ፕሎስ ዋን በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት፣ ሄሎ 3 የተኩስ ጨዋታ ውስጥ ወንዶች የሴት ድምፅ ሲሰሙ ምን እንደሚሉ መርምሯል። ክፉ ቃል የበዛው ውጤታቸው ደካማ ከሆነ ወንዶች ዘንድ ነበር፤ ጎበዞቹ የተሻለ አነጋገር ነበራቸው። ጥናቱ ስለ ጾታ እንጂ ስለ ጀማሪ አይደለም፤ ግን ቦታዬን አጣለሁ ብሎ የሚሰጋ ሰው ንዴቱን በማን ላይ እንደሚያወርድ ያሳያል። የሊግ ኦፍ ሌጀንድስ ባለቤት ራየት ጌምስም የራሱን ተጫዋቾች ቻት ሲያጠና፣ አብዛኛው ስድብ የሚመጣው ከጥቂት የለየላቸው ተሳዳቢዎች ሳይሆን፣ በሌላው ቀን ደህና ከሆኑና ያን ዕለት ከከፋቸው ሰዎች መሆኑን አገኘ። በአምስት ለአምስት ጨዋታ አንዱ ሲሳሳት አራቱም አብረውት ይሸነፋሉ፤ ግማሽ ሰዓት የለፉበት በአንድ ሰው እጅ ሲፈርስ ያያሉ። ብስጭቱ ይገባኛል። ስድቡን ግን አልቀበለውም፤ የተሰደበ ጀማሪ በድንጋጤ ይብሱን ይሳሳታል እንጂ አይማርም።

ተረት፦ ጌሙ ጀማሪውን ሆን ብሎ ለኃይለኞች ይሰጠዋል።

እውነታ፦ ተጫዋቾችን የሚያገናኘው ስሌት ነው፤ ስሌቱ ደግሞ አዲሱን ሰው ገና አያውቀውም። ማይክሮሶፍት ለኤክስቦክስ የሠራው ትሩስኪል ጀማሪን ከዜሮ አያስነሳውም፤ 25 ብሎ መሃል ላይ ያስቀምጠውና ሰፊ የጥርጣሬ ክልል ይተውለታል። ክልሉ የሚጠበው ሲጫወት ነው። የመጀመሪያዎቹ ግጥሚያዎች አንዴ ቀላል አንዴ መከራ የሚሆኑት ለዚህ ነው። ፐብጂ ሞባይል ደግሞ በተቃራኒው ጀማሪውን ኮምፒውተር ከሚያንቀሳቅሳቸው ቦቶች ጋር እያጋጠመ ያስጀምረዋል። እውነተኛው በደል ሌላ ነው፦ ጎበዝ ተጫዋች አዲስ አካውንት ከፍቶ ጀማሪዎች መሃል ይገባል፤ ስመርፍ ይሉታል። የዶታ 2 ባለቤት ቫልቭ እ.ኤ.አ. በ2023 እንዲህ ያሉ 90,000 አካውንቶች ዘግቷል። ሰርቨሩ አውሮፓ ሆኖ ከአዲስ አበባ ለሚጫወት ልጅ ደግሞ ፒንጉ፣ ማለትም የኔትወርኩ መዘግየት፣ አለ፤ ተኩሶ ሳይደርስለት ይሞታል፣ የቡድን ጓደኞቹ ግን ኑብ ይሉታል።

ተረት፦ የኦንላይን ጨዋታ ጠባዩ ነው፣ አይለወጥም።

እውነታ፦ ይለወጣል፤ ተለውጦም ታይቷል። ራየት ከተቃራኒ ቡድን ጋር የሚደረገውን ቻት ከመነሻው ዘግቶ፣ የፈለገ ራሱ እንዲከፍተው አደረገ። በሳምንት ውስጥ ክፉው ንግግር ከ30 በመቶ በላይ ቀነሰ፣ መልካሙ ወደ 35 በመቶ ጨመረ። በፋይናል ፋንታሲ 14 ከጀማሪው ስም ጎን የቡቃያ ምልክት ይታያል፤ ቡድኑ ውስጥ የሚጫወቱትን ምዕራፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገባ ሰው ካለ ደግሞ ጨርሰው ሲወጡ ተጨማሪ ሽልማት ይሰጣቸዋል። ስለዚህ አዲስ ሰው ሲያዩ ደስ ይላቸዋል። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የአይስላንዱ ኢቭ ኦንላይን ነው። ማጭበርበርና ዝርፊያ በጌሙ ሕግ የተፈቀደበት ዓለም ነው፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2004፣ ጌሙ በወጣ በዓመቱ፣ ተጫዋቾቹ ራሳቸው ኢቭ ዩኒቨርሲቲ የሚባል የጀማሪዎች ማስተማሪያ አቋቋሙ። ማንም አላዘዛቸውም።

ጀማሪ ከሆናችሁ ቻቱን ዝጉና መጫወታችሁን ቀጥሉ። ቀድማችሁ የገባችሁ ደግሞ በሚቀጥለው ግጥሚያ የሚደናበር ሰው ስታዩ «ከእኔ ጋር ና» ብላችሁ ጻፉለት።