የስልክ ዕድሜ በምን ይቆጠራል?

ከጅግጅጋ ወደ ደገሃቡር በሚወስደው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደተጓዙ ቀብሪበያ ይደርሳሉ። ከተማዋ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ከሶማሊያ የተሰደዱ ሰዎች የሚኖሩበት መጠለያም አላት። ዘመዱ ውጭ አገር ላለ ሰው እዚህ ስልክ ማለት ዋትስአፕ ነው። ለነጋዴው ደግሞ ሄሎካሽ፣ ኢ-ብር ወይም ቴሌብር ነው፤ ገንዘቡ ያለው ኪሱ ውስጥ ሳይሆን ስልኩ ውስጥ ነው።

ሆኖም ስክሪኑ ላይ «አዲስ የሲስተም አፕዴት አለ» የሚል መልእክት ብቅ ሲል ብዙ ሰው «በኋላ» የሚለውን ተጭኖ ያልፋል። ዳታ ይበላል፣ ባትሪ ይጨርሳል፣ ስልክ ያዘገያል ይባላል። ለመሆኑ ይህ አፕዴት ምን ይዞ ይመጣል? ለምንስ አንድ ቀን መምጣቱን ያቆማል?

ኦፐሬቲንግ ሲስተም የስልኩን ወይም የታብሌቱን ዕቃ፣ ማለትም ካሜራውን፣ አንቴናውንና ማስታወሻውን፣ ከምንጠቀምባቸው መተግበሪያዎች ጋር የሚያገናኘው ሶፍትዌር ነው። በአብዛኛው ስልክ ላይ ያለው የጉግል አንድሮይድ ሲሆን በአይፎን ላይ ያለው የአፕል አይኦኤስ ነው። አፕዴቱም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከአንድሮይድ 13 ወደ 14 እንደሚደረገው ዓይነት ሽግግር ነው፤ መልኩንም አሠራሩንም ይለውጣል፣ መጠኑም ብዙ ጊዜ ከአንድ ጊጋባይት ይበልጣል። ሁለተኛው የደኅንነት ጥገና ነው፤ በመጠኑ አነስ ይላል፣ በዓይን የሚታይ ለውጥም የለውም። ዋናው ግን እሱ ነው።

ለምን እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ2015 የሆነው ያሳያል። በዚያ ዓመት ሐምሌ ወር «ስቴጅፍራይት» የተባለ የአንድሮይድ ክፍተት ይፋ ሆነ። የአንድን ሰው ስልክ ቁጥር ለሚያውቅ አጥቂ በመልእክት የተላከ አንድ ቪዲዮ ብቻ በቂ ነበር፤ ባለቤቱ ቪዲዮውን ባይከፍተው እንኳ ስልኩ ሊጠቃ ይችል ነበር። ተጋላጭ የሆኑት ስልኮች ወደ 950 ሚሊዮን እንደሚጠጉ ተገመተ። ጉግል በየወሩ የደኅንነት ጥገና ማውጣት የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ጥገናው ሲወጣ የተደፈነው ክፍተት ለሌባውም ስለሚታወቅ፣ አፕዴት ያላደረገ ስልክ ከቀድሞው ይልቅ ለአደጋ የተጋለጠ ይሆናል።

አጫጫኑም እንደ ድሮው አያስፈራም። ፋይሉ ከወረደ በኋላ ስልኩ በአምራቹ ዲጂታል ፊርማ የታተመ መሆኑን ያረጋግጣል፤ ፊርማው ካልተገኘ አይጭነውም። አንድሮይድ እ.ኤ.አ. በ2016 ከወጣው 7ኛ ስሪቱ ጀምሮ ደግሞ ሲስተሙን በሁለት ቅጂ መያዝ የሚያስችል አሠራር አለው፤ ብዙዎቹ አዳዲስ ስልኮች ይጠቀሙበታል። ባለ ሁለት ክፍል ቤት እንደማደስ ነው፤ ባለቤቱ በአንዱ ክፍል እየኖረ ሌላው ይታደሳል፣ ከዚያ ይዛወራል። አዲሱ ቅጂ አልነሳ ካለ ስልኩ ወደ ቀድሞው ይመለሳል።

«ስልክ ያዘገያል» የሚለው ስሞታ ግን ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይደለም። ማስታወሻው የሞላና ራሙ አነስተኛ የሆነ ስልክ ትልቁን ሽግግር ሲሸከም ሃንግ ሊያደርግ ይችላል። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ 1 ጊጋባይት እና ከዚያ በታች ራም ላላቸው ስልኮች «አንድሮይድ ጎ» የተባለ ቀለል ያለ ስሪት ያወጣውም ለዚህ ነው። የደኅንነት ጥገናው ግን ይህን ያህል ጫና የለውም።

አፕዴት መምጣቱን የሚያቆመው ሰንሰለቱ ረጅም ስለሆነ ነው። ጉግል ያወጣውን አፕዴት ቺፕ ሠሪው ከቺፑ ጋር ያስማማዋል፣ ስልክ አምራቹ በሞዴሉ ላይ ይሞክረዋል፣ ከዚያ ይለቀዋል። ይህ ሁሉ ገንዘብ ይጠይቃል፤ በርካሽ ስልክ ላይ ያለው ትርፍ ደግሞ ትንሽ ነው። ስለዚህ ብዙ ርካሽ ስልኮች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይዘነጋሉ። በሌላው ጫፍ ጉግል በፒክስል 8፣ ሳምሰንግ በጋላክሲ ኤስ24 የ7 ዓመት አፕዴት ቃል ገብተዋል፤ የሁለቱ ዋጋ ግን የሁሉንም ኪስ አይመጥንም።

ያገለገለ ስልክ የሚገዛ ሰው ይህን ማወቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው አይፎን 6 ዛሬም ካሜራው ጥሩ፣ ስክሪኑ ንጹሕ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ሲስተሙ ግን ከአይኦኤስ 12 አያልፍም፤ ዋትስአፕ ደግሞ ከግንቦት 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአይኦኤስ 15.1 በታች አይሠራም። የገዛው ሰው ሚኒሶታ ካለች እህቱ ጋር በዋትስአፕ ሊያወራበት አይችልም። በኮከብ ጀምሮ በመሰላል በሚያልቅ ቁጥር ገንዘብ የሚልክ ሰው በዚህ አይቸገርም፤ በመተግበሪያ የሚጠቀም ግን ይነካዋል።

አፕዴቱ የቆመበትን ስልክ ወስዶ በማይታወቅ ሶፍትዌር «ፍላሽ» ማስደረግም መፍትሔ አይደለም። የአምራቹ ፊርማ የሌለው ሲስተም ውስጥ ምን እንደተጨመረ አይታወቅም፤ አንዳንድ የባንክ መተግበሪያዎችም እንዲህ ባለ ስልክ ላይ አልከፈት ይላሉ።

ሻጩ ፊት ቆሞ ማጣራት ቀላል ነው። ሴቲንግ ውስጥ ገብተው ስለ ስልኩ የሚገልጸውን «አባውት ፎን» ይክፈቱ፤ የአንድሮይድ ስሪቱና የመጨረሻው የደኅንነት ጥገና ቀን እዚያ ተጽፈዋል። ቀኑ ሁለትና ሦስት ዓመት ያለፈው ከሆነ ዋጋውን ያስቀንሱ፤ የገንዘብ መተግበሪያ ሊጭኑበት ካሰቡ ደግሞ ይተዉት። ስልኩ ገና አፕዴት የሚመጣለት ከሆነ ማስታወሻውን ያቃልሉ፣ ፎቶዎችዎን ሌላ ቦታ ያስቀምጡ፣ ባትሪውን ይሙሉ፣ ዋይፋይ ወይም ርካሽ የሌሊት ጥቅል ባገኙ ጊዜ ያስጀምሩት። ካሜራውንና ራሙንማ ሻጩ ሳይጠየቅም ይነግርዎታል፤ አፕዴቱ እስከ መቼ እንደሚመጣ ግን ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት እርስዎ ይጠይቁ።